ናልባንዲያን፦ የሙያ ስም የተሸከመ ቤተሰብ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የአርመን ቤተሰብ ስም ነው። «አርመን ከእኛ ሰፈር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፣ የአርመን ሰፈር የሚባለው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ነው እንጂ በእኛ በኩል አይደለም። ይሁንና ማኅበራችን የሰፈሩን የቀድሞ ነዋሪዎች ስምና ሥራ በመዝገብ ለማስፈር ከወሰነ ወዲህ አንድ ነገር ገጥሞናል። ስም ተብሎ የተተወው ክፍት ቦታ ይሞላል። የአባት ስምም፣ የመጡበት አገርም ይሞላል። «የአባት ወይም የእናት ሙያ» የሚለው ላይ ሲደረስ ግን ብዕሩ ቀጥ ይላል። «እሱን ተዉት»፣ «ነጋዴ ብላችሁ ጻፉት»፣ «ለልጆቹ ጥሩ አይደለም» የሚል መልስ ከአንድም ከሁለትም ቤት ሰምተናል። የእነዚያ ቤቶች አባት ሸማ ሠርቶ፣ እናት ሸክላ ሠርታ ልጅ እንዳሳደጉ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው። እንግዲህ የናልባንዲያንን ስም ያነሳነው ለዚሁ ጉዳይ ስለሚረዳን ነው።

በመጀመሪያ የስሙን ትርጉም እንይ። «ናል» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የፈረስ የብረት ጫማ ማለት ነው። «ባንድ» ፋርስኛ ሲሆን ማሰር፣ መግጠም ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ናልባንድ» ይሆናል፤ ለፈረስና ለበቅሎ ኮቴ የብረት ጫማ እያበጀ በምስማር የሚመታ ባለሙያ ነው። በስተመጨረሻ የተጨመረው «ያን» ደግሞ የአርመንኛ ነው፤ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወገን» እንደ ማለት። ስለዚህ ናልባንዲያን ሲባል በአጭሩ «የፈረስ ጫማ መቺው ልጆች» ማለት ነው። በአገራችን ገጠር ፈረሱ በባዶ ኮቴው ስለሚሄድ ሙያው እምብዛም አይታወቅም። ኮረብታና ድንጋይ በበዛበት በአናቶሊያ ምድር ግን ያለ እሱ ሲራራ ነጋዴ አይንቀሳቀስም ነበር። ሰውየው ከብረትና ከእሳት ጋር ሲታገል የሚውል ነው። በእኛ አገር አጠራር እንግዲህ ምን ይባል እንደነበር ታውቁታላችሁ፤ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ ነው የሚባለው።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የምታውቃቸው የአርመን ስሞች ብዙዎቹ የሙያ ስሞች ናቸው። ተርዚያን ማለት የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1904፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው ሰርኪስ ተርዚያን ነበር፤ ሕዝቡም መኪናውን «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ቦያጂያን ማለት ደግሞ የቀለም ነካሪ ልጅ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ ከእሱም በኋላ ልጆቹ በዚያው ሙያ ቀጠሉ። ልብስ ሰፊ፣ ቀለም ነካሪ፣ ፈረስ ጫማ መቺ፣ ሁሉም በስማቸው ላይ ሙያቸውን ጽፈው ነው አገራችን የገቡት።

የእኛ ስም አሰጣጥ ሌላ እንደሆነ የታወቀ ነው። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ አባት በአያት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰባት ቤት ሲቆጠር ካልሆነ ከአፍ አይወጣም። ቆጠራውም የዘር እንጂ የሙያ አይደለም። አያታችን ምን ሠርተው ያድሩ እንደነበር ስማችን አይናገርም። (በነገራችን ላይ የሰፈራችን ስም ራሱ የሰው ስም ነው። ጉለሌ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እዚህ ይኖሩ የነበሩ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። ታክሲ ላይ «ጉለሌ! ጉለሌ!» ሲባል ስንቶቻችን ይህን እናስባለን?)

ወደ ናልባንዲያን እንመለስ። ስሙ የሙያ ስለሆነ እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ብዙ ቤተሰቦች ተሸክመውታል፤ ፈረስ ጫማ መቺ በየከተማው ነበርና። ከሁሉ ቀድሞ የታወቀው ሚካኤል ናልባንዲያን ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1829 በደቡብ ሩሲያ፣ በዶን ወንዝ አጠገብ አርመኖች በመሠረቷት በኖር ናኺቼቫን ከተማ ነው። ባለቅኔና ጋዜጠኛ ነበር። ለከተማው ሕዝብ የተተወ ውርስ ለማስመለስ እስከ ሕንድ አገር፣ እስከ ካልካታ ድረስ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1861 አንድ ግጥም ጻፈ፤ አንዲት ጣሊያናዊት ልጃገረድ ለነፃነት ለሚዘምት ወንድሟ ሰንደቅ ዓላማ ሰፍታ ስትሰጠው የሚያሳይ። ጣሊያኖች ያን ጊዜ ለራሳቸው ነፃነት የሚታገሉ ነበሩ፤ ለእኛ ጆሮ ግር ቢልም ነገሩ እንደዚያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሩሲያ መንግሥት አሠረው፤ የታሠረበትም በፒተርስበርግ ያለው የጴጥሮስና ጳውሎስ ምሽግ ነበር። በእኛ ሰፈር ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲባል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያ አገር የእስረኞች ስቃይ ስም ሆነ። በኋላም በግዞት እንዳለ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ እ.ኤ.አ. በ1866 ሞተ። ሠላሳ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ያቺ ግጥም ግን አልሞተችም። አርመኖች እ.ኤ.አ. በ1918 የራሳቸውን መንግሥት ሲያቆሙ ባርሴግ ካናቺያን ባወጣላት ዜማ ብሔራዊ መዝሙር አደረጓት። ሶቪየት ሲመጣ ቀረች፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ተመለሰች፣ ዛሬም የምትዘመረው እሷው ናት።

የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ ለአርመን መዝሙር ግጥሙን ሰጠ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሌላው የፈረስ ጫማ መቺ ልጅ ለኢትዮጵያ ምን እንደሰጠ እንይ። ዘመዳሞች ነበሩ ማለታችን አይደለም፤ ስማቸው ነው የተገናኘው።

ኬቮርክ ናልባንዲያን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1887 በአይንታብ ከተማ ነው፤ አሁን ጋዚያንቴፕ የምትባለው የቱርክ ከተማ ናት። ኬቮርክ በእኛ አጠራር ጊዮርጊስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ የደረሰውን እልቂት ዓለም ያውቀዋል። ከሞት የተረፈው ወደ ሶሪያ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተበተነ። እናት አባታቸውን ያጡ ልጆች ደግሞ በየገዳሙና በየማሳደጊያው ተሰበሰቡ። ኢየሩሳሌም ከሚገኘው የአርመን ገዳም ከተጠለሉት መካከል የነሐስ መሣሪያ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ መጀመሪያ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። እዚያም እነዚህን ልጆች ሰሙ። ታሪካቸውን ጠየቁ፤ ወላጅ የሌላቸው መሆኑ ሲነገራቸው አዘኑ፤ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረውም አርባውን ልጆች ኃላፊነታቸውን ወስደው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። ልጆቹም በጳጉሜን መጀመሪያ፣ ለ1917 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» አላቸው፤ በዚሁ ስም በታሪክ ቀሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በፊት፣ ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ከሩሲያ ንጉሥ የተላኩ የነሐስ መሣሪያዎች በቤተ መንግሥት ነበሩ። በመንግሥት ደረጃ የታወቀው የመጀመሪያው ኦርኬስትራ ግን የአርባ ልጆች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። አልጋ ወራሹ የፈረስ ስማቸው «አባ ጠቅል» ነበር። በአገራችን የመኳንንት ክብር በፈረስ ስም ይጠራል፤ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ እየተባለ። የፈረሱን ኮቴ ብረት የሚያለብሰው፣ ልጓሙንና እርካቡን የሚቀጠቅጠው ሰው ግን ስሙ አይነሳም፤ ቢነሳም ለስድብ ነው። አሁን እንግዲህ «አባ ጠቅል» እና «የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ» በአንድ አዳራሽ ተገናኙ። አንዱ የፈረሱን ስም ይዞ፣ ሌላው የኮቴውን። እንግዳው ስሙን አልቀየረም፣ አልደበቀምም። እንዳመጣው ይዞት ኖረ፤ የከተማው ሰው «ሙሴ» ሲለው ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ1926 ኬቮርክ «ማርሽ ተፈሪ» የተባለውን ዜማ ደረሰ። ግጥሙ የባለቅኔው የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ ከየአገሩ በመጡ እንግዶች ፊት የተሰማው ይኸው ዜማ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፣ ዘውዱ እስከ ወረደበት ጊዜ ድረስም ዘለቀ። በዕድሜ የገፋን የዚህ ሰፈር ሰዎች በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በየጠዋቱ የቆምነው በዚያ ዜማ ነው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ የአገራችን መዝሙር ይኸው ነበር። ዜማውን የደረሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ተማሪ ግን ምን ያህል ነበር? ግጥሙን በቃላችን ስናወርድ ስለ ዜማው ደራሲ የነገረን አልነበረም። ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1963 እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፈ።

እንደ እኛ አስተያየት ከአጎቱ ይልቅ ለከተማችን ጆሮ የቀረበ ሥራ የሠራው የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ነው። ኔርሲስ ናልባንዲያንም የአይንታብ ተወላጅ ነው፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፣ ያ ክፉ ዘመን በጀመረበት ዓመት። ያደገው በስደት፣ በሶሪያዋ የሐለብ ከተማ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዓመታት ሲሆን ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ አሠለጠነ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት የአሁኑ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት ወደዚያ ገባ፤ በቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራም ረዥም ዘመን ሠራ። ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምሯል።

የሠራውን ሥራ ለማስረዳት ትንሽ ስለ ሙዚቃ መናገር ግድ ይለናል፤ የሙዚቃ ሰዎች ብንሳሳት ታርሙናላችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ማሲንቆው ወይም ክራሩ ከዘፋኙ ጋር አንድ መንገድ ይሄዳል፤ ዜማውን ይከተለዋል፣ ያጅበዋል፣ ያስጌጠዋል። ከአውሮፓ የመጣው የነሐስ ጓድ ግን የተሠራው ለሌላ አካሄድ ነው። ትራምፔቱ አንድ ድምፅ፣ ትሮምቦኑ ሌላ፣ ሳክስፎኑ ሦስተኛ ድምፅ ይዘው አንድ ላይ እንዲስማሙ ተብሎ ነው። ታዲያ የአምስት ድምፅ ዜማ ወስደህ ለዚህ ሁሉ መሣሪያ አካፍል ብትባል ምን ታደርጋለህ? እንደ አውሮፓው ደንብ ብትሞላው ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ዝም ብለህ ሁሉንም አንድ ዜማ ብታስነፋው ደግሞ ያን ሁሉ ሰው መቅጠር ለምን አስፈለገ? በተለይ አንቺሆዬ ድምፆቹ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ላልለመደው ጆሮ እንደ ተበላሸ መሣሪያ ነው የሚመስለው።

ኔርሲስ ሥራዬ ብሎ የያዘው ይህንን ነው። ዜማውን በኖታ ይጽፋል፤ የትኛው መሣሪያ መቼ ይግባ፣ መቼ ዝም ይበል፣ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ጋር ሲገጥም ቅኝቱ አይሸሽም የሚለውን ይወስናል። ፈረስ ጫማ መቺ ብረቱን ነው በኮቴው ልክ የሚያበጀው እንጂ ኮቴውን በብረቱ ልክ አይቆርጠውም። ኔርሲስም መሣሪያውን ለቅኝቱ አበጀው። የማዘጋጃ ቤቱ ጓድ ካወጣቸው ወጣቶች አንዱ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ጌታቸው መኩሪያ ነው፤ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን በመጫወት ስሙ ከአገር አልፎ የሄደው። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን ሙዚቃ» እያለ የሚያደምጠው የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ሥራ የብዙ ሰው ድካም ነው፤ ነገር ግን መሠረቱን ካኖሩት ውስጥ ይህ ሰው አለ። ኔርሲስ እ.ኤ.አ. በ1977 ዐረፈ። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የውጭ አገር ሙዚቀኞች ኖታዎቹን እያነሱ ተጫውተውለታል፤ ለእሱ መታሰቢያ የወጣው አልበም ርዕስም «ናልባንዲያን ኢትዮጵያዊው» የሚል ነው። ሌላው ዓለም ኢትዮጵያዊ ብሎ ሲጠራው እኛ «አንድ አርመን ነበር» ብለን ማለፋችን ያሳዝናል።

ስሙን በሌላው ዓለም የተሸከሙትንም ቶሎ ቶሎ እንጥቀሳቸው። ዲሚትሪ ናልባንዲያን የተባለው ሠዓሊ በትብሊሲ ተወልዶ በሞስኮ የሶቪየት መሪዎችን ሲስል ኖረ። ሉዊዝ ናልባንዲያን የአርመንን የነፃነት እንቅስቃሴ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ በመጽሐፍ አወጣች። ሱሬን ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በግሪኮ ሮማን ትግል ለሶቪየት ኅብረት ወርቅ አገኘ፤ አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ያልተካፈለችበት፣ ምሩፅ ይፍጠርም ሳይሮጥ የቀረበት ኦሊምፒክ ነው። ኤድዋርድ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2018 የአርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ወጣቶቻችን የሚያውቁት ደግሞ የአርጀንቲናውን ቴኒስ ተጫዋች ዳቪድ ናልባንዲያንን ሳይሆን አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ለዊምብልደን ፍጻሜ የደረሰው፣ በ2005 ደግሞ በሻንግሃይ ሁለት ዙር ተሸንፎ ከቆየ በኋላ ፌደረርን ያሸነፈው። ሠዓሊ፣ ታሪክ ጸሐፊ፣ ታጋይ፣ ሚኒስትር፣ ስፖርተኛ፤ አንዳቸውም ፈረስ ጫማ አይመቱም። ስማቸው ግን ያን ሰውዬ ይዞት ይዞራል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ በመዝገቡ ሥራ ላይ ስንዞርም አንዲት እናት ፊት ለፊት ጠይቀውናል። «አርመኖቹ ቢኮሩበት ምን ይደንቃል? ፈረስ ጫማ መቺ ተብሎ ልጁ ጋብቻ የተከለከለበት አለ ወይ?» አሉን። ጥያቄው ትክክል ነው። በአርመኖች ላይ ሞት የመጣው በዘራቸውና በሃይማኖታቸው ነው እንጂ ብረት ስለቀጠቀጡ አይደለም፤ ሙያቸውን እርስ በርሳቸው አልተናናቁበትም። በእኛ አገር ግን ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ፣ ቆዳ የፋቀ፣ ሸማ የሠራ ሰው እየተናቀ ኖረ። ምጣዱን ገዝቶ እንጀራ የሚጋግር ሰው ምጣድ ሠሪዋን «ቡዳ» ይላል። ነጠላዋን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ሸማኔውን ሲሰድብ ይሰማል። ስለዚህ አባቱን የደበቀውን ልጅ መውቀስ አይገባንም፤ ያስደበቀው ሰው ነው የሚጠየቀው።

ይህን ነውር ለማስቀረት የተሞከረው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ባለሙያን የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ እንዲቆጠር ነበር ትእዛዙ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። አዋጁ ተነግሮ አለቀ፣ ስድቡ ግን እስከ ቀጨኔ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ አብሮን ወጣ።

እስቲ ሰፈራችንን እንየው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ጉድጓዳቸውን ቆፍረው፣ ድሩን ወጥረው፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያመላለሱ ይህችን ከተማ ለበዓል አለበሷት። የሽሮ ሜዳን ገበያ የውጭ አገር ሰው ሳይቀር የሚመጣበት አደረጉት። የቀጨኔ እናቶች ጭቃውን ረግጠው፣ አበጅተውና ተኩሰው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን አቀረቡ። ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱ ሴቶችም አሉ፤ ያን እንጨት ያላነደደ የጉለሌ ምድጃ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ስማቸው የት ነው የተጻፈው? እንደ አርመኖቹ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከሰፈራችን ልጆች ሐኪም የሆነው «የሸማኔው ልጆች»፣ መሐንዲስ የሆነችው «የሸክላ ሠሪዋ ልጆች» የሚል ስም ከነማዕረጋቸው ይዘው በዞሩ ነበር።

ስለ አርመኖቹ የቀረውን ተናግረን እንጨርስ። በ1950ዎቹ ገደማ በኢትዮጵያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል አርመኖች ነበሩ ይባላል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች ሲወረሱ ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። ዛሬ የቀሩት ከመቶ አይበልጡም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለው ቤተ ክርስቲያናቸው አሁንም አለ፤ ትምህርት ቤታቸውም አጠገቡ ነው። የሄዱት ሰዎች ስማቸው ግን እዚሁ ቀርቷል፤ በመዝሙሩ ኖታ ላይ፣ በፎቶግራፉ ጀርባ፣ በመንገድ መዳመጫው ላይ። ሙያውና ስሙ ስለተጣበቁ ነው አንዱ ሲነሳ ሌላው የሚነሳው።

ስለ መዝገቡ የማኅበሩ ኮሚቴ የተስማማበትን እናስታውቃለን። የሙያው ክፍት ቦታ አይሰረዝም። ማንም ሰው ግን ሳይወድ አይጻፍበትም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው በቃላቸው እንዲሞሉት ይደረጋል። «ሸማኔ» የሚለውን የማይወድ «ጥበብ ሠሪ» ማለት ይችላል፤ «ሸክላ ሠሪ» ያለችም እንዳለችው ይጻፍላታል። ቢቻል ከሙያው ጋር የሠሩት ዕቃ ይጠቀስ፦ የእገሌን ቤት የሠርግ ልብስ የሠሩ፣ የዕድሩን ድስቶች የሠሩ እየተባለ። አንድ ቤት ለጊዜው ባዶ ይሁንልን ካለ ባዶ ይተዋል፤ ቦታው ግን ለልጆቻቸው ይቆያል። ሌላው ደግሞ፣ በስብሰባችንም ሆነ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ሰውን በወላጆቹ ሙያ የተሳደበ አባል ጉዳዩ ለኮሚቴው ቀርቦ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይታያል። ለቀልድ ነው ማለት አይሠራም።

መዝገቡ እሑድ እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ በማኅበሩ ቢሮ ክፍት ይሆናል። አሮጌ ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቅጂው ተነስቶ ዋናው በዕለቱ ይመለስላችኋል። መወርወሪያ፣ መዶሻ፣ የሸክላ ማለስለሻ የመሳሰለ የወላጆቻችሁ የሥራ መሣሪያ ቤታችሁ ተቀምጦ ከሆነም አትጣሉት፤ ለማሳየት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ካለ በቢሮው መደርደሪያ ላይ ከነስሙ እናስቀምጠዋለን። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያን ከወጣቶቹ አንዱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይጽፍላቸዋል።